ንቅሳቷን የምናወድስላት ማን ናት?

ወደዚህ መጽሔት ከሚላኩት ግጥሞች ውስጥ የሴት መልክ የማያነሳ ጥቂት ነው። መልክ ከተነሳ ጥርስ አይቀርም፤ ጥርስ ከተነሳ ድድ ይከተላል፤ ድድ ከተነሳ ደግሞ ንቅሳቱ። ጥርሷ በረዶ ነው፣ ድዷ ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ነጩን አጉልቶታል፣ ገጣሚው በፍቅር ወድቋል። ይኸ ሥዕል ከአዝማሪ አፍ ወደ ኪነት ቡድን፣ ከኪነት ቡድን ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ እኛ ደብተር እየተቀባበለ የመጣ ነው። መውረሱ ምንም ነውር የለበትም። የሚያስነውረው የወረሱትን ገልጦ ሳያዩ መልሶ ማውረስ ነው።

አሁን ደግሞ አጫጭር ልብ ወለዶቹን እንይ። እዚያም ንቅሳት አለ፤ ስሙ ግን ተለውጦ «ታቱ» ሆኗል። አንገቷ ላይ ታቱ ያላት ልጅ በታሪኩ ውስጥ ብቅ ስትል አንባቢው መጨረሻዋን ገና በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ያውቀዋል፦ ትጠጣለች፣ ትዋሻለች፣ የደጉን ልጅ ልብ ትሰብራለች፣ በመጨረሻም ወይ ትታመማለች ወይ ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። አፍንጫዋ ላይ ፈርጥ ካለማ ጉዳዩ ባሰበት። ደራሲው ጠባይዋን ለመቅረጽ አልደከመም፤ መርፌው ሠራለት። የወንዱም እንዲሁ ነው። ጆሮውን የተበሳ ወጣት በእኛ ታሪኮች ውስጥ ሌባ ካልሆነ የሌባ ጓደኛ ነው።

እንግዲህ በአንድ እትም ውስጥ፣ አንዳንዴም ከአንድ ጸሐፊ እጅ በወጡ ሁለት ጽሑፎች ውስጥ፣ በመርፌ ወደ ቆዳ የገባ ጥቁር ቀለም በአንዱ ገጽ ውበት፣ በሌላው ገጽ ብልግና ሆኖ ይገኛል። ይኸን ሂስ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይኸው ነው። ጸሐፊዎቻችን ከሰፈራቸው የተለየ ነገር አላሉም፤ ሰፈሩ የሚለውን ነው የጻፉት። ስለዚህ ሂሱ ከመጽሔታችን አልፎ ሰፈሩንም መንካቱ አይቀርም።

እስቲ በቃሉ እንጀምር። እግር ውስጥ የተሰካ እሾህ በመርፌ ሲወጣ «ተነቀሰ» እንላለን፤ በመርፌ ቀለም ሲገባም «ተነቀሰች» እንላለን። አንድ ግሥ ማውጣትንም ማስገባትንም ይዟል ማለት ነው። ውቅራት የሚለው ደግሞ «ወቀረ» ከሚለው የመጣ ነው። ወፍጮ ለስልሶ እህል አልፈጭ ሲል ይወቀራል፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከአለት ተፈልፍለው ስለወጡ ውቅር ይባላሉ። የወፍጮ ድንጋይና የልጅ ድድ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቋንቋው ሥራው ጭካኔ ያለበት መሆኑን አልደበቀም፤ የደበቀው ገጣሚው ነው። «ታቱ» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን ይኸ ሁሉ ተረሳና ነገሩ ትናንት በአውሮፕላን የገባ መሰለ። ቃሉ እኮ የፈረንጅም አይደለም! የእንግሊዝ መርከበኞች በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፖሊኔዥያ ደሴቶች የተዋሱት ነው። «ፈረንጅ አመጣብን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈረንጁም ተውሶ ነው በሉልኝ።

ሰፈሩን እነካለሁ ብያለሁና ወደ ጊደር መጋላ እንውረድ። ቦታውን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ የልብስ ስፌት መኪናዎች በሚንጫጩበት በማኪና ግርግር መንገድ ቁልቁል የወረደ ሰው የሚደርስበት አሮጌ ገበያ ነው። ስሙም በሐረሪ ቋንቋ ትልቁ ገበያ ማለት ነው። ሥጋ ተራው ላይ ጭላት ከሰማይ እየተወረወረ ከሰው እጅ ይነጥቃል፤ ሥጋ የገዛ ሰው ፌስታሉን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሚሄደው። ከኤረር ሸለቆና ከባቢሌ በኩል ለገበያ የሚመጡ የኦሮሞ ሴቶች አሉ፤ ከመካከላቸው ጉንጫቸውና አገጫቸው ላይ ነጠብጣብ የተነቀሱ አይጠፉም። ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ነጠላቸው ሸርተት ሲል ግንባራቸው ላይ መስቀል ብቅ የሚል እናቶች አሉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሂና ያስጌጡ ሙሽሮች አሉ። ይኸን ሁሉ ቆሞ የሚያይ የለም። ቆሞ የሚያየው ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ብቻ ነው።

በዚሁ ገበያ አንዲት የእኛን ዕድሜ የምታህል ልጅ፣ ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ወፍ የተነቀሰች፣ አፍንጫዋ ላይ ፈርጥ ያደረገች፣ ቲማቲም ልትገዛ ጎንበስ ስትል ግን ሰው ሁሉ ዞረ። ቲማቲም ሻጯ ራሷ ጉንጯ ላይ ሦስት ሰማያዊ ነጥቦች ነበሩባት።

«አንቺ ልጅ፣ አቦ ይኸ ምንድነው አንገትሽ ላይ? እናት የለሽም እንዴ?»

ልጅቷ ሳቀች። «አንቺስ ፊትሽ ላይ ያለው ምንድነው፣ እማማ?»

«የኔማ እናቴ ናት ያደረገችብኝ!»

(ልጅቷ ትልቅ ሰው «አንቺ» በማለቷ የሚቀየም የሸዋ አንባቢ እንዳይኖር፤ ሐረር ላይ «አንቱ» ብዙም አይዘወተርም። ፍቅር በ«አንቺ» ነው።)

ሁለቱም ተሳስቀው ተለያዩ፤ ዋጋም ተቀነሰላት። መልሱ ግን አልወጣልኝም። ሴትየዋ የእኔ ያምራል አላለችም፣ የእኔ ባህል ነው አላለችም፣ ሃይማኖትም አላነሳችም። ያለችው የእኔን ሌላ ሰው ነው ያደረገው ነው። በእሷ ፍርድ ልዩነቱ ከምልክቱ ላይ አይደለም፤ ከአዛዡ ላይ ነው። እናት ያዘዘችው ጌጥ ነው፤ ልጅ ራሷ ያዘዘችው ነውር ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች በብዙ ቃል የሚሸፋፍኑትን ነገር ይኽች ነጋዴ በአራት ቃል ገልጣ አስቀመጠችው።

የተማሩት ሰዎች መሸፈኛ «የኛ ባህል አይደለም» የሚለው ነው። ይኸ ክስ በተለይ ሐረር ላይ ሲሰነዘር ይገርመኛል። ሪቻርድ በርተን የተባለው የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ከርሞ ወጣ፤ በተከታዩ ዓመት ባሳተመው መጽሐፉም የከተማይቱን ሴቶች መልክ ገልጿል። ጸጉራቸው መሐል ለመሐል ተከፍሎ ከጆሮ በስተኋላ በሁለት ተጠቅልሎ እንደሚሸፈን፣ ዐይናቸውን እንደሚኳሉ፣ እጅና እግራቸውን ሂና እንደሚሞቁ ይናገርና፣ ደረታቸው ላይ ኮከብ እንደሚነቀሱም ይጨምራል። ደረታቸውን እንዴት እንዳየ እግዜር ይወቀው። በርተን ለአገሩ ሰው ንቀት የሞላበት፣ ነገርም ማጋነን የማይጠላ ጸሐፊ ስለነበር ያለውን ሁሉ እንደወረደ አልቀበልም። ነገር ግን ጉፍታው ዛሬም አለ፤ ኩሉም፣ ሂናውም አለ። ከአራቱ ሦስቱ እውነት ሆነው ሳለ ኮከቡ ብቻውን ውሸት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። እኔ ባየኋቸው የሐረር ፖስት ካርዶችና የቱሪስት ጽሑፎች ላይ ጉፍታው አለ፣ ሂናው አለ፤ ኮከቡ የለም። የጀጎል ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቆዳ ላይ የተጻፈ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ የዛሬው ሰው «በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም» ሲል እየዋሸ ላይሆን ይችላል፤ የሚያሳየው ስላጣ ነው።

ሃይማኖትም መነሳቱ ስለማይቀር ቶሎ ልለፈው። ነቃሿንም ተነቃሿንም የሚረግመው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ስብስቦች ውስጥ የታወቀ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስም ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ገላን መነቀስን ይከለክላል። ይሁንና የሙስሊሟ ጉንጭም፣ የክርስቲያኗ ግንባርም ሲነቀስ ኖሯል፤ የግብፅ ክርስቲያኖችም እስከ ዛሬ እጃቸው አንጓ ላይ መስቀል ይነቀሳሉ። እንግዲህ የአያቱንም የእኅቱንም በአንድ ዐይን አይቶ «አልደግፍም» የሚል አማኝ ቢኖር አቋሙ ቀጥ ያለ ነው፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ጥቅሱን ለእኅቱ ብቻ አውጥቶ ለአያቱ ግጥም ከሚጽፈው ጋር ነው።

አሁን ወደ ድዱ እንመለስ፤ የግጥሞቻችን ትልቁ ጉድለት ያለው እዚያ ነውና። በጎንደርም፣ በጎጃምም፣ በወሎም፣ በትግራይም የድድ ንቅሳት የተለመደ ነበር፤ ገጠር ውስጥ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ከዘመዶቼ እንደሰማሁት ሥራው እንዲህ ነው። ጥላሸት ይዘጋጃል። ጥቂት መርፌዎች ወይም እሾሆች በክር አንድ ላይ ይታሰራሉ። ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቷን አንዷ ከኋላ ትይዛታለች፤ ከንፈሯ ይገለበጣል፤ ድዷ ላይ ጥላሸቱ ይቀባና እየደጋገሙ ይወጋል። ደም ይመጣል፤ ይተፋል፤ እንደገና ይቀባል። ከንፈር ያብጣል፤ ትኩስ ነገር፣ በርበሬ የነካው ወጥ ለቀናት አይታሰብም። ቀለሙ አልይዝ ካለ ሌላ ጊዜ ይደገማል። ለምን ቢባል ጥርሷ እንዲነጣ፣ ድዷ እንዳይደማ፣ ነው የሚባለው። አንገት ላይ የሚሠራው ደግሞ ለጌጥም፣ እንቅርት ይከላከላል ተብሎም ነው። ዕድሜዋም ለባል የምትታይበት ዕድሜ ነው።

ሁሉም በግዳጅ ነበር ብዬ ደግሞ እንዳላጋንን። ጓደኞቿ ሲነቀሱ አይታ፣ እናቷን አስቸግራ፣ ለምና የተነቀሰች ልጅ እንዳለች እሰማለሁ። ጀግንነቷን ለማሳየት ድምፅ ሳታሰማ የተቀመጠች አለች። ሳትፈልግ እያለቀሰች የተያዘችም አለች። ታዲያ ይኸን ያህል ታሪክ፣ ይኸን ያህል የሰው ጠባይ ያለበት ነገር ተቀምጦ፣ የእኛ ገጣሚ የሚያየው ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ሲጎድል ያለውን ፈገግታ ብቻ ነው። ልክ ሙሽራው እንደሚያየው! ግጥሞቻችን የሚጻፉት ከሙሽራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ሴት ገጣሚዎቻችንም ከዚሁ ወንበር ላይ ተነስተው አላየሁም።

ከጌጥ ሁሉ የታወቀው የአገራችን የፊት ጌጥ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሳህን ነው፤ የእኛን አስተያየት ለመፈተን ከሱ የተሻለ ነገር አይገኝም። በጉዞ ወኪሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስናየው «አገሬ ብዙ ናት» እንላለን፤ ወዲያው ደግሞ በጫወታችን መካከል እነሱን የኋላ ቀርነት ምሳሌ እናደርጋለን። ለዓመታት ሙርሲዎች መካከል ምርምር ያደረገው አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ከንፈር ሳህንና ስለ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንድ ጽሑፍ አሳትሟል። ቱሪስቱ ገንዘብ እየሰጠ ፎቶ ሲያነሳ በሁለቱ መካከል ያለው መናናቅ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ስለ ራሱ ስለ ሳህኑ የሚታወቀው ነገር ነው። የልጅቷ የታች ከንፈር የሚቀደደው 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆናት፣ በእናቷ ወይም በሌላ ሴት እጅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከንፈሩን ምን ያህል ላስፋው የሚለው ውሳኔ ግን በአብዛኛው የልጅቷ የራሷ ነው። አንዷ ቶሎ ታቆማለች፣ አንዷ እስከ መጨረሻው ትገፋለች። እንግዲህ «ኋላ ቀር» ያልናት የሙርሲ ልጅ በገዛ ከንፈሯ ላይ የምትወስነው ነገር አላት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ጊደር መጋላ ቲማቲም የምትገዛው ልጅ ግን በገዛ አንገቷ ላይ ስለወሰነች «እናት የለሽም ወይ» ትባላለች።

አንድ ወገን አለ፤ ይኸን ሁሉ ሰምቶ «ሁለቱም ይቅር፤ ሁሉም ጎጂ ልማድ ነው» የሚል። ይኸ ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። በኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር ተብሎ የተሰየመው ብሔራዊ ኮሚቴ ከተቋቋመበት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ንቅሳትም ከግርዛትና ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር ስሙ ሲነሳ ቆይቷል። የኤች አይ ቪ ነገር ሲመጣ ደግሞ አንድ መርፌ ለአምስት ልጆች የሚዞርበት ሥርዓት አደገኛነቱ የማያከራክር ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አንቀጾች አሉት። በዚህ በኩል ክርክር የለኝም። መርፌ መቀቀል አለበት፤ ሕፃን ልጅም መያዝ የለባትም።

ነገር ግን ትምህርቱ ሲሰጥ ንቀት አብሮ ተሰጠ። መርፌው ነው አደጋው በማለት ፈንታ ፊትሽ ነው አደጋው ተባለ። ውጤቱን አሁን እናየዋለን። ከተማ የገባች እናት ግንባሯን በሻሽ ወርውራ ትይዛለች፤ ፎቶ ስትነሳ አፏን ትገጥማለች። ወደ እስራኤል ከሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች መካከል ግንባራቸው ላይ ያለውን ንቅሳት በሌዘር ያስጠፉ አሉ። አንዲት ሴት በልጅነቷ ሳትጠየቅ ተነቀሰች፤ በእርጅናዋ ሳትጠየቅ አፈረች። ወዲያ ማዶ ደግሞ ናናያ ማሁታ የተባሉት የኒውዚላንድ የማኦሪ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ2016 የሕዝባቸውን ባህላዊ ንቅሳት አገጫቸው ላይ አስነቀሱ፤ በ2020 ያንኑ ፊት ይዘው የአገራቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ኒውዚላንድ ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ እዚያም ብዙ ስድብ ነበር። እኔ ያሰብኩት የኛዋ የጎንደር እናት መስቀሏን ይዛ ባንክ ቤት ወረፋ ስትቆም ነው። ገንዘብ ከፋዩ ልጅ ምን ብሎ እንደሚጠራት፣ የልጅ ልጇ ደግሞ «ታቱ ያለው ሰው ሥራ አይቀጥሩትም» እየተባለ እንደሚያድግ ነው።

ወንዶችንም እንዳልረሳ። ጆሮውን የተበሳ ልጅ በመንገድ ላይ የሚሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ ወንድ አይደለህም ነው የሚባለው። በድሮው ዘመን ግን ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ጀግና ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ ያንጠለጥል ነበር። ጉትቻው የወንድነት ምስክር ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ከሐረር ብዙ በማይርቀው በባቢሌ የዝሆን መጠለያ ውስጥ ያሉትን ዝሆኖች መግደል ወንጀል ነውና፣ ሎቲ ማድረግ ለሚፈልግ ወጣት አሮጌው በር ተዘግቷል። ሌላ በር ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል? (ቀልድ ነው፤ ግን አሮጌዎቹን ፎቶግራፎች እዩ።)

እኛ ተማሪዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ግቢ አንድ የፋሽን ትርዒት ሊታይ ሲል ተማሪዎች «ባህል ያጠፋል» ብለው ተቃውሞ አስነስተው ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ስለ መሬት፣ ስለ ድሃ፣ ስለ እኩልነት የተናገሩ፣ ብዙ መሥዋዕት የከፈሉ ትውልድ ናቸው፤ በዚያ ላይ ማንም አይቀናቀናቸውም። የሴት ቀሚስ ርዝመት ጋ ሲደርሱ ግን ከሰፈር ሽማግሌ አልተለዩም። የውጭ ሸቀጥ አገር እንዳይውጥ መስጋታቸው ይገባኛል። ያ ስጋት ሁልጊዜ የሚያርፈው ግን የሴት ገላ ላይ ነው፤ ወንዱ የለበሰው ሱፍ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። አሁንም ያው ነው። የታቱው ልጅ «ፈረንጅ ናፋቂ» ስትባል ተሳዳቢው የለበሰው የእንግሊዝ ኳስ ቡድን ማልያ ነው።

ይኸን ያልኩት ታቱ ያለበት ሁሉ ነፃ ወጥቷል ለማለት እንዳይመስል። በቅርቡ የሚደርሱን አንዳንድ ግጥሞች ደግሞ ወደዚያኛው ጥግ ሮጠዋል። አፍንጫዬን ተበሳሁ፣ ሰንሰለቴ ተበጠሰ፣ ዓለም ደነገጠ ይላሉ። ዓለም አልደነገጠም፤ የደነገጠው የጎረቤት እትዬ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በሳምንታቸው ለምደውታል። ከስልክ ላይ የተገለበጠ ጽጌረዳ፣ ፊደሉ የተሳሳተ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ትርጉሙ የማይታወቅ የቻይና ጽሕፈት ክንድ ላይ ማስቀመጥ መብት ነው፤ ግጥም ግን አይደለም። የአያትን ንቅሳት ሳያይ የሚያወድስና የራሱን ንቅሳት ሳያይ የሚያወድስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስንፍና አለባቸው። ቀለሙን ያያሉ፣ ሰውየዋን አያዩም። እንዲያውም የሁለተኛው ይብሳል፤ ያመመው እሱን ራሱን ሆኖ ሳለ ሕመሙን አልጻፈውማ!

ከመጨረሳችን በፊት፣ ለዚህ እትም ከቀረቡት ውስጥ አንዱን ግጥም ላንሳ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ቤት አመታቷ በሦስተኛው አርኬ ላይ ያነክሳል፤ «ጨረቃ»ን ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ ጠርታታለች፤ አርታኢዎቹም እነዚህን ነገሮች ነግረናት አልለወጥኩም ብላለች። ግጥሙ ውስጥ አንዲት ልጅ ለበዓል አገር ቤት ሄዳ በሙቀት ጊዜ ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሳ ትቀመጣለች። አያቷ ነገሩ ገብቷቸው እጅጌዋን ይሰበስቡታል፤ አንጓዋ ላይ ያለውን ቅጠል በአውራ ጣታቸው ሻር ሻር ያደርጉታል፤ አይለቅም። ተቆጡ ብለን ስንጠብቅ ስንት እንዳስከፈሏት ይጠይቃሉ። ልጅቷ የብሩን ልክ ስትነግራቸው ጮኸው ይስቃሉ፤ ሲስቁ ድዳቸው ይታያል፤ ገጣሚዋ ስለ ቀለሙ አንዲት ቃል አትናገርም። ከዚያ አያትየው የራሳቸውን ዋጋ ይነግሯታል። አንድ ቁና ገብስ ነበር፤ እሱንም ለነቃሿ የከፈሉት አባታቸው ሳይሰሙ ነው።